የቆመች መኪና ባትሪ ከመግባቱ በፊት ሽቦዋ ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። አዲስ አበባ፣ ሱማሌ ተራ አካባቢ በሚገኝ ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በግቢያቸው ጥግ፣ በሸራ ወይም በቆርቆሮ ጥላ ስር፣ ለዓመታት የቆመች አሮጌ መኪና ላላቸው አንባቢዎቻችሁ ነው። መኪናዋ ተነስታ መንገድ ላይ ብትታይ ደስታዬ ነው። ነገር ግን እባካችሁ፣ ባትሪ ገዝታችሁ ቁልፍ ከማዞራችሁ በፊት ሽቦዋን አስመርምሩ። ዝገትና እርጅና ያልገደሏትን መኪና በአንድ ደቂቃ ውስጥ በገዛ እጃችን ስናቃጥላት ማየት ያንገበግበኛል።

ጉዳዩ አሁን መነሳቱ ያለምክንያት አይደለም። ያገለገሉ መኪኖች በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከባድ ታክስ ተጣለባቸው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ወደ እኛ ጋራዥ የሚመጡ ሰዎች በእጃቸው ያለችውን መኪና በሌላ ዓይን ማየት ጀምረዋል። የአባት ቮልስዋገን፣ የአጎት ፔጆ 404፣ የአያት ፊያት 600 እየተጎተቱ ይመጣሉ። ከውጭ ሀገር ለእረፍት የመጡ ልጆች የወላጆቻቸውን መኪና አስነስተው ሊመለሱ ይፈልጋሉ። ሁሉም ሲመጡ የሚጠይቁት ስለ ሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ተጣብቆ ይሆን? ካርቡራተሩ ይታጠብ? ፍሬኑስ? ስለ ሽቦ የሚጠይቅ እጅግ ጥቂት ነው። ሽቦ በቆርቆሮው ውስጥና በምንጣፉ ስር ተደብቆ ስለሚኖር ይረሳል።

በቅርቡ የሠራኋትን አንዲት ቮልስዋገን፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነችውን የድሮዋን ቢትል፣ ላንሳ። ባለቤቷ መምህር ነበሩ። እሳቸው ካረፉ በኋላ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆመች። ሚስታቸው ሊሸጧት አልፈለጉም። የወንድማቸው ልጅ ከታክሲው ላይ ባትሪ ነቅሎ ከኋላ ወንበር ስር አስቀመጠና አሰረው። ቁልፉን ሲከፍት የዳሽቦርዱ ቀይ መብራት በራ፤ ቤተሰቡ አጨበጨበ። ከዚያ የፊት መብራቱን ማብሪያ ሲስበው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ጭስ ወጣ። ቁልፉን ዘጋው፤ ጭሱ ግን አልቆመም። ልጁ ወንበሩን አንስቶ የባትሪውን ገመድ በእጁ መንጭቆ ባያወጣው ኖሮ እሳቱ እዚያው አጠገብ ወዳለው የነዳጅ ታንከር በደረሰ ነበር። ቮልስዋገን ታንከሯ ከፊት፣ ከኮፋኖው ስር መሆኑን የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል።

ቁልፉ ሲዘጋ ጭሱ ለምን አልቆመም? ይህን ባለ መኪናዎች ሁሉ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ከባትሪው ተነስቶ በሬጉላተሩ (የዲናሞውን ኃይል በሚቆጣጠረው ዕቃ) በኩል አልፎ ወደ ፊት የሚሄደው ወፍራም ቀይ ሽቦ በቁልፍ አይቋረጥም። በዚያ ላይ ፊውዝ የለውም። ፊውዞቹ ያሉት ከፊት፣ ሽቦው የመኪናዋን ርዝመት አቋርጦ ከደረሰ በኋላ ነው። በመንገዱ ላይ የትም ቦታ ልባሱ ተልጦ ከቆርቆሮው ጋር ከተነካካ ባትሪው ያለውን ኃይል ሁሉ በዚያች ነጥብ ላይ ያፈሳል። የመኪና ባትሪ በእንዲህ ያለ ኮንታክት ጊዜ በመቶ የሚቆጠር አምፔር ሊለቅ ይችላል። ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይግላል፤ አብረውት የታሰሩትን ጎረቤቶቹንም ልባሳቸውን አቅልጦ ይዟቸው ይሄዳል።

ኮፋኖውን ከፍቼ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን የካርቶን ሽፋን ሳነሳ የአይጥ ጎጆ አገኘሁ። ከኋላ ወንበር ውስጥ የተጎተተ ጭገር፣ የፌስታል ቁራጭ፣ የባቄላ ገለባ። አይጦቹ ከመብራት ማብሪያው ወደ ፊውዝ ሳጥኑ የሚሄዱትን ሽቦዎች ልባስ በጥርሳቸው ልጠው መዳቡን ራቁቱን ትተውታል። ያልተበላውም ቢሆን ጤነኛ አልነበረም። ጣቴ ላይ ትንሽ ሳጎብጠው እንደ ድርቆሽ ተሰባበረ። የሽቦው ፕላስቲክ ልስላሴውን የሚያገኘው በውስጡ ከተቀላቀለ ዘይት መሰል ነገር ነው፤ ያ ነገር በሙቀትና በጊዜ ብዛት ተኖ ሲያልቅ ፕላስቲኩ ደርቆ ይሰነጠቃል። አንዱን ሽቦ ከጫፉ ላይ ልጬ ሳየው መዳቡ ቀይነቱን ትቶ ጠቁሯል፤ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ይዟል። እንዲህ ያለ መዳብ ብየዳ አይቀበልም፤ እርሳሱ ይንሸራተትበታል። ወደ ውስጥ እየገፋሁ ጥቁሩ እስኪያልቅ ድረስ መቁረጥ ነበረብኝ።

የመምህሩ ሚስት፣ እሜቴ፣ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ከምትለቃቅም ቆርጠህ ጥለህ አዲስ ብትዘረጋው አይሻልም?» አሉኝ።

«የለም እማማ» አልኳቸው፤ «የሚጣለው የሞተው ብቻ ነው። ደህናው መንገዱን ያውቃል።»

እዚህ ላይ ከብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ጋር አንስማማም፤ በግልጽ ልናገረው። በከተማችን የተለመደው አሠራር አሮጌውን ሽቦ ከነጥቅሉ ጎትቶ ማውጣትና ከገበያ በተገኘው አንድ ዓይነት ሽቦ፣ ብዙ ጊዜ ሁሉንም በቀይ፣ መዘርጋት ነው። ያን ቀን መብራቱ ይበራል፤ ፍሬቻውም ብልጭ ድርግም ይላል፤ ባለቤቱም ከፍሎ ይሄዳል። ከዓመት በኋላ አንዲት ሽቦ ስትበጠስ ግን ቀጣዩ ባለሙያ በጨለማ ይዳክራል። ሃያ ቀይ ሽቦ በናስትሮ ተጠቅልሎ ሲያገኝ የትኛው ከየት እንደመጣ ማን ይነግረዋል? እሱም በተራው አዲስ ቀይ ሽቦ ይጨምርበታል። እንዲህ እየተደራረበ መኪናዋ ማንም የማይፈታት ትሆናለች፤ ከዚያም «ሽቦዋ አበቃለት» ይባልና ለብረት ትሸጣለች።

ጀርመኖቹ መኪናዋን ሲሠሩ ሁሉን ነገር በቀለምና በቁጥር ጽፈውልናል። ቡናማ ሽቦ ማሳ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በመኪናዋ ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት ማለት ነው። ቀይ በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ነው። ጥቁር ቁልፍ ሲከፈት የሚበራ ነው። በዕቃዎቹ ላይ የተቀረጹት ቁጥሮችም ትርጉም አላቸው፤ 30 የባትሪው ፖዘቲቭ፣ 15 ከቁልፍ የሚወጣው፣ 31 ማሳ፣ 50 ወደ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ ወደሚያስነሳው) የሚሄደው፣ 56a ረጅሙ መብራት፣ 56b አጭሩ፣ 58 የጎን መብራት፣ 61 የዲናሞው ማስጠንቀቂያ። እነዚህ ቁጥሮች በቮልስዋገን ብቻ ሳይሆን በመርሰዲስም በኦፔልም ላይ ያው ናቸው። አንድ ተለማማጅ ይህን በአንድ ሳምንት ማጥናት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን አይጠፋበትም። በዚህች መኪና ላይ ከአይጥ የተረፈውን ጥቅል አልነካሁትም። የተበላውን ክፍል ብቻ በተመሳሳይ ውፍረት ተካሁ፤ ቀለሙን ገበያ ላይ ባጣሁበት ቦታ በሁለቱም ጫፍ ቁጥሩን ጽፌ አሰርኩበት።

ስለ መቀጠል ደግሞ፤ ሽቦን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ጥገና አይደለም። የናስትሮው ሙጫ በሙቀት ቀልጦ ይፈታል፤ የተጠመዘዘውም መዳብ ይላላል። የላላ መገጣጠሚያ ይግላል። እኔ የማምነው በልኩ በተሠራ ማያያዣ በመሣሪያ ጨምቆ፣ ላዩን በሙቀት በሚሸመቀቅ ቱቦ መሸፈንን ነው። በብየዳ የሚያምኑም አሉ፤ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብየዳው ሽቦውን ያደርቀዋልና በሚንቀጠቀጥ ቦታ ላይ ከብየዳው ጠርዝ ስር ይሰበራል፤ ስለዚህ አጠገቡ በደንብ መታሰር አለበት። ብዙ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ሲቆረጥ መገጣጠሚያዎቹን ጎን ለጎን አታድርጓቸው፤ አንዱን አጠር፣ ሌላውን ረዘም አድርጋችሁ ደረጃ በደረጃ ቀጥሏቸው። ያኔ የአንዱ ሽፋን ቢበሳ እንኳ የሚነካው ጤነኛ ልባስ እንጂ ሌላ ራቁት መገጣጠሚያ አይሆንም።

የቤት መብራት ሽቦ መኪና ላይ የምትዘረጉ ሰዎች፣ ስለ እግዚአብሔር ተዉ። ነጠላ ወፍራም መዳብ ግድግዳ ውስጥ ተኝቶ ለመኖር የተሠራ ነው፤ መኪና ላይ በንዝረት ብዛት ውስጥ ውስጡን ይሰበራል፤ ልባሱ ደህና ስለሚመስል ስብራቱን ማግኘት መከራ ነው። የስፒከር ሽቦም እንዲሁ ነው። ቀጭን ሽቦ የሚጎዳው መብራቱን ጭምር ስለሆነ በስሌት ላሳያችሁ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 1966 ድረስ የተሠሩት አብዛኞቹ ቮልስዋገኖች በ6 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። 45 ዋት የሆኑ ሁለት የፊት አምፖሎች በ6 ቮልት 15 አምፔር ይስባሉ። ይህን 15 አምፔር በአራት ሜትር ርዝመትና በ1 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ሽቦ ብታሳልፉት በመንገድ ላይ 1 ቮልት ያህል ይጠፋል። አምፖሉ ጋ የሚደርሰው 5 ቮልት ነው። የአምፖል ብርሃን ከቮልቱ እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ይወርዳል፤ ቮልቱ ከመቶ አሥር ሲቀንስ ብርሃኑ ከመቶ ሠላሳ ገደማ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 5 ቮልት የደረሰው አምፖል የሚሰጠው ብርሃን ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። «የድሮ መኪና መብራቷ ደካማ ነው» እየተባለ የሚወራው አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ አድርጉበትና ልዩነቱን በዓይናችሁ እዩ።

ከቀጭን ሽቦ ባልተናነሰ የሚያሳስበኝ ማሳ ነው። ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ሽቦ ሁሉም ያያል፤ የሚመለስበትን መንገድ ግን ማንም አያስታውስም። ቮልስዋገን ላይ ማርሽ ሳጥኑን ከቦዲው ጋር የሚያያይዝ የተጎነጎነ የመዳብ ጠፍር አለ። ሞተሩና ማርሽ ሳጥኑ በጎማ ላይ ስለተቀመጡ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በዚህች ጠፍር ነው። በዝገት ከተበላች ሞተሪኖው የሚጠይቀው ያ ሁሉ አምፔር ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም ቀጭኑን የነዳጅ መስጫ ገመድ ወይም የፍሪሲዮኑን ገመድ ነው። ገመዱ ግሎ ይጣበቃል፤ አንዳንዴም ይበጠሳል። ሰው ይህን ሲያይ ገመድ ይገዛል፤ አዲሱም ያው ይሆናል። በእሜቴ መኪና ላይ ጠፍሯ ስትነካ የምትበተን ሆና ነበር። አዲስ አሰርኩ፤ ከስሯ ያለውንም ቀለምና ዝገት ብረቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ ፋቅኩ።

አሁን ባለ መኪናው ራሱ ሊያደርገው ወደሚችለው ልምጣ። ከሁሉ በፊት ባትሪውን በቀጥታ አትሰሩ። 12 ቮልት ለሆነች መኪና ባለ 21 ዋት አንድ የፍሬቻ አምፖል ውሰዱና በባትሪው ፖዘቲቭና በመኪናዋ ዋና ገመድ መካከል አስገቡት፤ ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ ውስጥ ብቻ እንዲያልፍ። ሁሉም ነገር ተዘግቶ እያለ አምፖሉ ጨርሶ መብራት የለበትም። ደምቆ ከበራ አንድ ቦታ ኮንታክት አለ ማለት ነው፤ ነገር ግን አምፖሉ ከ2 አምፔር በታች ብቻ ስለሚያሳልፍ ሽቦ አይቃጠልም፤ ጭስም አይኖርም። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እያወጣችሁ ተመልከቱ፤ አንዱን ስታወጡ አምፖሉ ከጠፋ ጥፋቱ ያለው በዚያ መስመር ላይ ነው። ሁሉም ወጥተው መብራቱን ከቀጠለ ግን ጥፋቱ ያለው ፊውዝ በሌለው በቀዩ ሽቦ ወይም ከፊውዞቹ በፊት ባለ ሌላ ቦታ ነውና እዚያ ላይ አቁማችሁ ባለሙያ ጥሩ። ይህች አንዲት አምፖል በዚያ ግቢ ውስጥ ብትኖር ኖሮ የመምህሩ መኪና ዳሽቦርድ ባልተቃጠለ ነበር።

ፊውዞቹን ስታወጡ ጫፋቸውንም እዩ። የድሮዎቹ በነጭ ወይም በቀይ ሸክላ ላይ የብረት ሪባን የተዘረጋባቸው ናቸው፤ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር። በቆሙበት ጫፋቸው ይዝግና ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይከለክላሉ። በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ማሸት በቂ ነው። ነገር ግን ብዙ መኪኖች ላይ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎባቸው አገኛለሁ። ይህን የሚያደርግ ሰው መኪናዋን ከእሳት የሚጠብቃትን ዘበኛ አሰናበተ ማለት ነው፤ በአንድ ፊውዝ ዋጋ!

ሁለት ሦስት ነገር በአጭሩ ልጨምር። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍታችሁ አትተዉት፤ ፑንቲናው (የብልጭታውን ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋው) ተገጥሞ ከቆመ ቦቢናው (ለብልጭታው ኃይል የሚሰጠው) ይግላል። ባትሪው ላይ ያለው ክዳን ከጠፋ ሌላ አሠሩለት፤ ቮልስዋገን ከኋላ ወፍራም ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ ወርዶ የባትሪውን ራስ የሚነካባትና የወንበሩ ጭገር የሚቀጣጠልባት መኪና ናት። ከሞተሩ ጋር የሚገናኙትን የነዳጅ ጎማዎች ሁሉ ያለምንም ምክክር ቀይሩ። ብልጭታ ባለበት ቦታ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ሲኖር ሽቦ ማደሱ ትርጉም የለውም።

ከፋብሪካው አሠራር ያፈነገጥኩበት አንድ ቦታ አለ። ያ ፊውዝ የሌለው ቀይ ሽቦ ወደ ፊት ከመሄዱ በፊት፣ ከኋላ ወንበር ስር በሽቦው ውፍረት ልክ የሚሆን ፊውዝ አስገባሁለት። ጥንታዊነቷ ይጠበቅ የሚሉ ሰዎች እንደማይወዱት አውቃለሁ። ፊውዙ ከወንበር ስር ስለሆነ አይታይም፤ ማንም ሊያወጣው ከፈለገ ሽቦ ሳይቆርጥ ያወጣዋል። እኔ ግን እሳት ያየች መኪና ያለ እሱ ከእጄ አትወጣም።

በመጨረሻ ለሚመለከታቸው ሁለት ጥያቄ አለኝ። በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ወቅት መብራት መብራቱ፣ ክላክስ መጮኹ ይታያል። ለረጅም ጊዜ ቆማ እንደገና ወደ መንገድ የምትወጣ መኪና ስትቀርብ ግን የባትሪው አስተሳሰር፣ የፊውዝ ሳጥኑና ዋናው ማሳ እንዲታዩ ቢደረግ ብዙ ጊዜ አይወስድም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም አውቶ ኤሌክትሪክ ሲያስተምሩ፣ ከአዲሶቹ የኮምፒውተር መመርመሪያዎች ጎን ለጎን፣ ተማሪው በአምፖልና በቴስተር ብቻ አንድ ሙሉ ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲከተል ቢያደርጉ እወዳለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና የሚጠግነው ልጅም ቢሆን የሽቦ ውፍረት፣ ጥሩ ማሳና ንጹሕ መገጣጠሚያ ያስፈልጉታል።

ባለ መኪናዎችም፣ መኪናዋን ወደ ጋራዥ ስታስጎትቱ የተቃጠለውን ሽቦ ቁራጭ፣ የወለቀውን ክዳን፣ የተሰበረውን ፊውዝ ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዛችሁ ኑ፤ ግቢ ስታጸዱ እንዳትጥሉት። በተቃጠለች የጣት ርዝመት ሽቦ ላይ የተረፈው ቀለም መስመሯ ወዴት ይሄድ እንደነበር ይነግረናልና የብዙ ቀን ፍለጋ ያስቀርልናል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን፣ ከአዲስ አበባ